ወንበሬ የከፈለበት ወንበር

ወገባችሁን ይዛችሁ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» የምትሉ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኔም ብዬ ነበር። ብርዱ አላለፈም፤ እኔን ሊያሳልፈኝ ነበር እንጂ። ደግሞ የለቅሶ ወሬ ላወራ መስሏችሁ ፊታችሁን እንዳታጠቁሩ፤ ወላሂ አይደለም! መጨረሻው ዐረፋ ነው፣ ሥጋ ነው፣ ሳቅ ነው። እስኪ ግን ከመነሻው ልነሳ።

ስሜ ዘሀራ ነው። ወልድያ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሀብሩ፣ ግራና ነው፤ እናቴም ዛሬ ድረስ እዚያው ናት። የምሰፋው በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ስለሆነ እጄ ጨርቁን ሲመራ እግሬ ሲረግጥ ይውላል። ጎረቤቶቼ «የዘሀራ ምላሷም እግሯም አያርፍም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እግሬ አረፈ። ምላሴ ግን ይኸው፣ እንደምትሰሙት ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ከጀርባዬ መሐል ነው። የበዓል ልብስ ተደራርቦብኝ ጎንበስ ብዬ ስለምውል «የሥራ ድካም ነው» አልኩ። ባለቤቴ ይመር ቅቤ አቅልጦ አሸኝ። ጎረቤቴ «ብርድ መትቶሻል፣ ሙቅ ጠጪ» አለችኝ፤ ጠጣሁ። ከመድኃኒት ቤት ማስታገሻ ገዝቼ ዋጥኩ። ለጊዜው ይተወኝና ሲመሽ ይመለሳል። ሌሊት ልብሴ እስኪርስ ያልበኛል፤ ልኬ የነበረው ቀሚስ ሁሉ እየሰፋኝ ሄደ። ሞኟ እኔ ደግሞ ሰዎች «ሸንቀጥ አልሽ፣ አማረብሽ» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር!

አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ «ኩላሊት ነው፣ ውኃ አብዢ» ተባልኩ። አበዛሁ፤ ትርፉ ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ «ነርቭ ነው» ብሎ ቀይ መርፌ ወጋኝ፣ ለካ ቫይታሚን ኖሯል። ሕመሙ ሲብስብኝ አንድ ወጌሻ ዘንድ ተወሰድኩና ጀርባዬን ረግጠው ሊያቃኑልኝ ሞከሩ። ጩኸቴን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሰማው። ይህችን በተለይ ልብ በሉልኝ፦ የጀርባ አጥንት ታሞ ሳለ መታሸትና መረገጥ ነገሩን ያብሰዋል። እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ፣ ሐኪሙ እራሱን ይዞ «ማን ነው የረገጠሽ?» ሲለኝ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ሳለ መኪናው ቀጥ አለ። ክሩ ተበጥሶ ይሆናል ብዬ አየሁ፤ ክሩ ደህና ነው። መርፌውም ደህና ነው። መኪናውን የሚያዞረውን ቺንጋ ዳሰስኩ፤ ከቦታው አልወጣም። ዝቅ ብዬ ሳይ እግሬ መርገጫው ላይ እንደተቀመጠ አለ። ርገጥ እለዋለሁ፣ አይረግጥም። መኪናውን ስመረምር የተበላሸሁት እኔ ኖሬያለሁ። ደንግጬ ልነሳ ስል ከነቀሚሱ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።

ይመር አዝሎኝ ሆስፒታል ሄድን። ወረፋው አይጣል ነው። አግዳሚው ሞልቶ ይመር ግድግዳ አስደግፎ መሬት ላይ አስቀመጠኝ፤ እግሬን መሰብሰብ ስለማልችል አላፊ አግዳሚው ይረግጠኝ ጀመር። አንዲት የማላውቃት፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ከአግዳሚው ተነስታ «ኧረ ሰው ናት፣ ግንድ አይደለችም! አታዩም?» ብላ ጮኸችላቸው። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ እግሬን አለበሰችኝና ወረፋዬ እስኪደርስ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ባለችበት አላህ ይጠብቃት።

ራጅ ተነሳሁ፤ «ደሴ ሂጂ» ተባልኩ። ደሴ ላይ ኤም አር አይ የሚሉት፣ ሰው እንደ ዳቦ ምድጃ ውስጥ ገብቶ የሚነሳው ትልቁ ፎቶ ታዘዘልኝ። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ዘርግቶ «የአከርካሪ ቲቢ ነው» አለኝ።

«እኔ እኮ ሳልም የለብኝ!» አልኩት፣ ተቆጥቼ።

«ቲቢ ሳንባ ብቻ አይደለም የሚገባው። ያንቺ የጀርባ አጥንት ውስጥ ገብቶ አጥንቱን በልቶታል። የተበላው አጥንት ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጫነው። እግርሽ የከዳሽ ለዚህ ነው።»

«እሄዳለሁ?»

«መድኃኒቱን አንድም ቀን ሳታቋርጪ ከዋጥሽ ተስፋው ብዙ ነው። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል።»

ይመር «መጣሁ» ብሎ ወጣ። በበሩ ክፍተት ግድግዳ ተደግፎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ሲመለስ ፊቱን ታጥቦ ነበር። «አብሽሪ» አለኝ፣ «አጥንት ነው፣ ይገጥማል።» እኔም ያላየሁ መስዬ «እሺ» አልኩት።

መድኃኒቱን በጀመርኩ ማግሥት ሽንቴ ቀይ ብርቱካን መሰለ። «ያረቢ! ደሜ ሊያልቅ ነው!» ብዬ ቤቱን ባንድ እግሩ አቆምኩት። ነርሷ ስትሰማ ሳቀች፤ እንክብሉ የሚያመጣው ቀለም ነው፣ ምንም አይደለም። ምነው ቀድማ ብትነግረኝ! እናንተ ግን ተነግሯችኋል፤ አትደንግጡ፣ አታቋርጡት።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። እንክብሉ በነፃ ነው። ያደኸየን መንገዱ ነው።

ተሽከርካሪ ወንበሬን የሰጡኝ ቀሚስ የሰፋሁላቸው ሙሽሮች ናቸው። አንዷ ለአንዷ ነግራ፣ አዋጥተው፣ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ፣ የሚታጠፍ ወንበር ይዘውልኝ መጡ። አለቀስኩ፣ ሳቅሁ፣ መረቅኋቸው። ብረቱ ባዶውን እንዳያስጠላኝ ደግሞ ከትርፍራፊ ጨርቅ ልብስ ሰፋሁለት፤ በጎኑ ኪስ አወጣሁለት፤ ለእንክብሌና ለመነጽሬ።

ወንበሩን ይዤ መንገድ ስወጣ ግን ጉድ ፈላ። ባጃጁ «ኮንትራት ካልያዝሽ አልጭንም» ይላል። ሚኒባሱ «ወንበሩ ለብቻው ይከፍላል» ይላል። ጣራ ላይ ሲወጣ የመጫኛ፣ ሲወርድ የማውረጃ። አንድ ጊዜ ከበግ ጋር ጎን ለጎን ጣራ ላይ ታስሮ ሄደ፤ ስንወርድ የበጉ ሒሳብ ከወንበሬ አንሶ ተገኘ! ጎማው ተጣሞ ወረደ፤ በጉ ደህና ነው።

ይመር ጭቅጭቅ አይወድም። ገና ሲጠይቁት እጁ ኪሱ ውስጥ ይገባል። ከፍሎ ዝም ይላል። ማታ ለእኔና ለልጃችን ራት ሲቀርብ «ውጭ በልቻለሁ፣ እናንተ ብሉ» ይላል። የት ነው የበላው? የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ በሩን በልቶ ነው? ሰው እየጾመልኝ መሆኑን ሳውቅ ከቤት መውጣት አስጠላኝ። «ወንበሩን ትተን እኔ አዝልሻለሁ» ሲለኝ ደግሞ «እኔ ጆንያ ነኝ?» ብዬ ጮህኩበት። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸብኝ። ሕመም ገላን ብቻ አያምም፤ ቤትም ያማል።

በዚህ መሐል እናቴ አለች። ጉልበቷ ደክሞ ከግቢዋ አትወጣም፤ እኔን ያየችኝ ከመታመሜ በፊት ነው። እግሬ መያዙን በስልክ ስትሰማ «ነይቻለሁ» አለችኝ። በእኛ ዘንድ ሰው ከነየተ ለአላህ ቃል ገባ ማለት ነው፤ አይመለስም። የነየተችው «ዘሀራን በዓይኔ ሳላይ የዐረፋ ሥጋ ባፌ አይዞርም» ብላ ነው። የዚያን ዓመት ዐረፋ እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ፤ እሷ ድርሻዋን ለጎረቤት ሰጠች። በቀጣዩ ዐረፋ መናኸሪያ ድረስ ሄደን ከነልጃችን ሦስት ሆነን ሳለ ወንበሩን እንደ ሁለት ሰው ቆጥረው የአምስት ሰው ሲጠይቁን ከደጃፉ ተመለስን። እሷም ድርሻዋን ዳግም ሰጠች። በስልክ «ድምፅሽ ደህና ነው፤ አንቺን ግን አላየሁም» አለችኝ። ያን ቀን ያለቀስኩትን አላህ ያውቀዋል።

አሁን ደስ ወደሚለው ልሻገር፤ ችኩል ነኝ።

ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም እግር የሚያለማምዱበት ክፍል፣ «ጣትሽን ወደ ላይ አንሺ» ይሉኛል። እምቢ ይላል። ወር ገባ፣ ወር ወጣ፤ እምቢ ነው። አንድ ቀን ቤት ውስጥ አቧራ የጠገበው የስፌት መኪናዬ ፊት ወንበሬን አቆምኩና በእጄ እግሬን አንስቼ መርገጫው ላይ አስቀመጥኩት። «ጣትህን አንሳ ሲሉህ አልገባህም ይሆናል» አልኩት፣ «ርገጥ ስልህስ?» መርፌው ወደ ታች ወረደ። ወጣ። አንዲት ስፌት!

«ይመር! ይመር! አንድ ሰፋሁ!»

ከውጭ እየሮጠ ገብቶ ጨርቁን ብርሃን ላይ ይዞ አያት። አንዲት ስፌት ናት፤ ክሯ እንኳ አልጠበቀም። ያንን ጨርቅ አጥፎ የጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተተው፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። እኔና እሱ ያን ቀን በደስታ ያደረግነውን ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶች ሰው የሞተብን መስሏቸው መጥተው ነበር።

ከዚያ ወዲያ በመጠኑ እየተሻለኝ ሄደ። በክራንች መቆም፣ ከዚያም ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ጎረቤት። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ስፌቴን ጀመርኩ። ረጅም መንገድ ግን ያለ ወንበሬ አልችልም። ለእናቴ መቆሜን አልነገርኳትም፤ በዓይኗ እንድታየው ፈለግሁ።

ዐረፋ ደረሰ። ይመር ለበዓሉ ዋዜማ ተረኛ ሆነ፤ ልጃችን ፈተና ላይ ናት። «ብቻዬን እሄዳለሁ» አልኩ። «ያምሻል እንዴ?» አለኝ ይመር። «አሞኝ ነበር፤ ዳንኩ» አልኩት። ለራሴ ቀሚስ፣ ለወንበሬም ከዚያው ጨርቅ አዲስ የዐረፋ ልብስ ሰፋሁ። ኪሱንም አልረሳሁም።

ይመር ሥራ ሳይገባ ሊሸኘኝ መናኸሪያ ድረስ አብሮኝ መጣ። መናኸሪያው በሰው፣ በበግና በጩኸት ተሞልቷል። የሚኒባሱ ረዳት ጺሙን ሂና የቀባ ጎልማሳ ነው፤ «መርሳ! መርሳ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል። እኔን ሲያይ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች ለካው።

«እትዬ፣ ይሄ የሰው ሒሳብ ይከፍላል።»

«ለምን?»

«ወንበር ይይዛላ።»

«ማን ነው ወንበር የሚይዘው?»

«ወንበሩ ነዋ! ወንበሩ ወንበር ይይዛል።»

የይመር እጅ ወደ ኪሱ ሲሄድ አየሁትና ያዝኩት። «ተው» አልኩት፣ «ዛሬ የኔ ተራ ነው። ሂድ፣ ሥራህ ይረፍድብሃል።» አመነታ። «ሂድ ስልህ!» አልኩት፤ እየዞረ እየዞረ ሄደ።

ከገዛ ቦርሳዬ የሁለት ሰው አውጥቼ ቆጠርኩለት። «ይኸው የኔ፣ ይኸው የሱ። አሁን ተሳፋሪ ነው?»

«ነው» አለ፣ ብሩን እያጠፈ።

«በል ወንበሩን ስጠው።»

«የምን ወንበር? ጣራ ላይ ነው የሚወጣው።»

«ሰው ጣራ ላይ ይወጣል እንዴ! የተቀበልከው የሰው ሒሳብ አይደለም? ደግሞ በመስኮት በኩል ይሁንለት፤ ንፋስ ይወዳል።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ረዳቱ መልሶ እንዳይከራከር ብሩ እጁ ላይ ነው። እያጉረመረመ ወንበሬን አጥፎ መስኮቱ ጋ፣ መቀመጫው ላይ አስቀመጠው። እኔ ክራንቼን ይዤ፣ የበሩን እጀታ ጨብጬ፣ ቀስ ብዬ ወጣሁ። «ትሄጃለሽ እንዴ?» አለ ደንግጦ።

«ለትንሽ መንገድ። ከዚያ በላይ ሲሆን እግሬ ያ መስኮት ጋ የተቀመጠው ነው» አልኩት።

ከወንበሬ አጠገብ የተቀመጡት ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ከጉባ ላፍቶ ደጋ መጥተው መርሳ ወዳለ እስላም ወዳጃቸው ለዐረፋ ይሄዳሉ። «ለኔ ለብቻዬ በክርስቲያን እጅ ዶሮ ይታረድልኛል፤ በፋሲካ ደግሞ እኔ ለእሱ አሳርድለታለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ወንበሬ ዞረው፣ ልብሱን ዳሰስ አድርገው፣ «እንዲህ ያጌጠው ጎረቤቴ ማን ይባላል?» አሉ።

«ወንበር ይባላል አባባ።»

«የማን ልጅ?»

«የወልድያ ሙሽሮች ልጅ ነው» አልኩና ታሪኩን ነገርኳቸው። የእናቴን ነገር ስነግራቸው መሳቃቸውን ተዉ። «ዛሬ ትደርሻለሽ፤ እግዜር ያውቃል» አሉኝ።

ሲሪንቃ ስንደርስ ሕፃን የታቀፈች ሴት ፀሐይ ላይ ቆማ እጇን አወጣች። ሚኒባሱ ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ግቢ እናቴ፣ ቦታ አለ!» አለና ወንበሬን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አልኩት።

«ጣራ ላይ ላውጣው፣ ሰው ይቀመጥ እንጂ!»

«የተከፈለበትን ወንበር ሁለቴ ልትሸጠው? ተሳፋሪህን ሜዳ ላይ ልታስወርድ?»

«ኧረ ሴትዮ፣ ብረት እኮ ነው!»

«ብረት ከሆነ ለምን የሰው አስከፈልከው?»

ከኋላ አንዱ «ልክ ናት!» ይላል፤ ሌላው «እናትየው በፀሐይ ትሙት?» ይላል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ሴትዮዋን ሳይ ልቤ ተከፍሏል። ሽማግሌው በትራቸውን አንስተው የጣራውን ቆርቆሮ መቱት።

«በሕግ አምላክ!»

ይህ ቃል እኛ አገር ዛሬም ሰው ያቆማል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«በድሮ ጊዜ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲጣላ ሦስተኛው መንገደኛ ይዳኛል» አሉ አባባ። «አንቺ ልጅ ውስጥ ገብተሽ በሩ ጥላ ላይ ቁሚ። ሁለታችሁ፣ በፍርዴ ታድራላችሁ?»

«ይዳኙን፣ አድራለሁ» አልኩ። ረዳቱም «እሺ አባባ፣ ቶሎ ይበሉ እንጂ» አለ።

«ቶሎ የተባለ ፍርድ ይጣመማል። ተናገር።»

«ቦታ የያዘ ይከፍላል፤ ሌላ ነገር የለኝም» አለ ረዳቱ።

«አንቺስ?»

«በላ ልበልሃ!» አልኩ፣ ልክ አያቴ ያወሩኝ እንደነበረው የድሮ ሙግት። ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። «ሰው ጫማውን አድርጎ ሲሳፈር ጫማው ይከፍላል? መነጽሩ ይከፍላል? የአባባ በትር ይከፍላል?»

አባባ በትራቸውን ቶሎ ብለው ጋቢያቸው ሥር ሸሸጉት። «በትሬን ከዚህ ነገር አታግቢ» አሉኝ።

«ወንበሬ እግሬ ነው። ከሁለት ሰው እግር ሁለት ሒሳብ ብትሉ ይገባኛል፤ ከአንድ ሰው ግን እግሩን ለብቻ፣ ገላውን ለብቻ ማስከፈል የት የታየ ነው? ግድ የለም፣ ከፈልኩ። ከከፈልኩ ግን ቦታው የሱ ነው።»

አባባ ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ቦታው የወንበሩ መሆኑን ፈርጃለሁ። ልጄ፣ ወንበርሽ በገዛ ፈቃዱ ለዚህች እናት ይነሳላት ይሆን?»

የሚፈልጉት ገባኝ። ወደ ወንበሬ ጎንበስ ብዬ አማከርኩት። ከዚያ ቀና ብዬ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ወራጅ አለ!»

ኧረ የሳቁ ነገር! ሾፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ ሳቀ። አባባ ሳይስቁ፣ በትራቸውን መልሰው አውጥተው፣ ፍርዱን ሰጡ፦

«የተቀመጠ ይክፈል፣ የከፈለ ይቀመጥ፤
ከወንበሩ ለተነሳ፣ ገንዘቡ በእጁ ይሰጥ!»

ረዳቱ ጭንቅላቱን አከከ፣ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ እሱም መሳቅ ጀመረ። ብሩን አውጥቶ ለኔ ሲዘረጋ አባባ «በእጁ ነው ያልኩት!» አሉት። ረዳቱ ግራ ተጋብቶ ወንበሬን ዞሮ አየው። ኪሱን አገኘና ብሩን እዚያ ውስጥ ከተተ። «ይኸው ጌታዬ፣ ይቅርታ» አለው።

እናትየዋ ተቀመጠች። ወንበሬስ የት ገባ ትሉኝ እንደሆነ፣ ታጥፎ በአባባ ጉልበትና በፊተኛው መቀመጫ መሐል ሽው ብሎ ገባ። ማንንም አልነካም። «ይቺን ታህል ነበረች?» አለ ረዳቱ፣ ለራሱ። እኔ አለቀስኩ። ብሩ ስለተመለሰልኝ አይደለም፤ ባሌ ሳይከፍልልኝ፣ ማንም ሳያዝንልኝ፣ እንደ ሰው ተከራክሬ እንደ ሰው ስለተሳፈርኩ ነው። ደስ አለኝ፤ በጣም ደስ አለኝ።

በያንዳንዱ መኪና ላይ አባባ እንደማይሳፈሩ አውቃለሁ። ቢሆንም እናንተ ወንበር ያላችሁ ወገኖቼ፣ አጉል ሒሳብ ስትጠየቁ ዝም ብላችሁ አትክፈሉ። «ለምን?» በሉ፤ ጮክ ብላችሁ በሉ። ተሳፋሪው ይሰማል።

መርሳ ስንወርድ አባባ መርቀውኝ ሄዱ። ለእናቴ ማንጎ ገዛሁ። ረዳቱ እራሱ ባጃጅ ጠርቶልኝ፣ ወንበሬን ከኋላ አስሮልኝ፣ ለባለባጃጁ «ግራና አድርሳት። የአንድ ሰው ነው የምትቀበለው፤ ይሄ ወንበር ጠበቃ አለው፣ ጉድህ ይፈላል» አለው። ሰውዬው ምንም ሳይገባው የአንድ ሰው ተቀበለኝ።

እናቴ ግቢዋ ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። ባጃጁን ከአጥሩ ውጭ አስቆምኩ። ክራንቼን ያዝኩና በእግሬ ገባሁ። ቀና አለች። ፊቴን አላየችም፤ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነው። እየቀረብኩ ስሄድ ዓይኗ እግሬን እየተከተለ መጣ። አጠገቧ ስቆም ሁለት እጇን ዘርግታ ቁርጭምጭሚቴን ያዘችና ጨመቀችው።

«ያንቺ ነው?» አለች።

«የኔ ነው እማ። አልሐምዱሊላህ።»

ከዚያ ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ተላቅሰናል፣ ስቀናል።

የዐረፋ ጠዋት «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ከሩቅ መሰማት ጀመረ። እናቴ ጉልበቷ ከደከመ ወዲህ ወደ ሶላቱ ሜዳ አልወጣችም፤ ሰው ሁሉ ሲሄድ ግቢዋ ውስጥ ሆና ታዳምጣለች። ወንበሬን ዘርግቼ ፊቷ አቆምኩት።

«ተቀመጪ።»

«እኔ በሽተኛ ነኝ እንዴ!»

«ሙሽራ ነሽ፤ ይህ የሙሽሮች ወንበር ነው።»

አጉረመረመች፣ ግን ተቀመጠች። አዲስ ልብሱን ዳሰሰችው፤ ከቀሚሴ ጋር አንድ መሆኑን አይታ ፈገግ አለች። ክራንቼን ጭኗ ላይ አጋድሜ የወንበሩን እጀታ በሁለት እጄ ያዝኩ። ያኔ ነው ያላሰብኩትን ያወቅሁት፦ እኔ እሷን ስገፋ ወንበሩ እኔን ይደግፈኛል። ያለ ክራንች ሄድኩ! ድንጋይ የበዛበት ቦታ ስንደርስ ጎረቤት ያግዘናል፤ ደግሞ እንቀጥላለን። አንዲት የእናቴ ባልንጀራ አጥር ላይ ሆና «አጀብ! ማን ነው ማንን ይዞ የሚሄደው?» አለች። እኛም አላወቅነው።

«ዘሀራ» አለችኝ እናቴ በመንገድ ላይ፣ ወደ ፊት እያየች። «ለዚህ ወንበር ያስከፍላሉ አልሽኝ አይደል?»

«ይሞክራሉ።»

«እኔንስ ስንት ታስከፍይኛለሽ?»

«ሙሉ ሒሳብ።»

«ስንት ነው?»

«ከበጉ ጉበት አንድ ቁራጭ። እዚያው እፊቴ የምትበይው።»

ከኋላዋ ስለሆንኩ ፊቷ አይታየኝም። ሻሿ ብቻ ይነቃነቃል። «ውድ ነው» አለችኝ።

ከሶላት መልስ በጉ ታረደ። ጉበቱ ተጠብሶ ሲመጣ ሰው ሁሉ እኔን ትቶ እሷን ያያል። አንድ ቁራጭ አነሳች፣ «ቢስሚላህ» አለች፣ ጎረሰች፣ ዓይኗን ጨፍና አኘከች፣ ዋጠች።

«ይኸው፣ ከፈልኩ» አለችኝ።

ከዚያ እጇን መልሳ ወደ ሳህኑ ሰደደችና ከፊተኛው ተለቅ ያለ ቁራጭ መርጣ አነሳች።

«ይሄኛው ደግሞ ለመመለሻ ነው።»